የፋይስቶስን ዲስክ በግእዝ አነበብኩት፤ ልክ መሆኔን በምን ላረጋግጥ?

ወለተ_ሒሳብ

ሰላም ለሁላችሁ። እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን የጨነቀኝ ነገር ስላለ ጻፍኩ። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

የፋይስቶስን ዲስክ ለማታውቁት፦ በ1908 በቀርጤስ ደሴት፣ ፋይስቶስ ከሚባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የወጣ ክብ ሸክላ ነው። ስፋቱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ፊት ጽሑፉ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ምልክቶቹ በእጅ የተጫሩ አይደሉም፤ ጭቃው ሳይደርቅ አንድ በአንድ በማኅተም የተመቱ ናቸው። እስከ ዛሬ ሁሉም የተስማማበት ንባብ የለውም።

ሥራዬ ሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ግእዝ ከአባቴ ተምሬያለሁ፣ ግሱን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ከሰባት ወር በፊት የዲስኩን ፎቶ ሳይ ዓይኔ ያረፈው ላባ በሰካ የሰው ራስ ላይ ነው። አጠገቡ ክብ ጋሻ አለ። በልቤ «ርእስ፣ ወልታ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ ተኝቼ አላውቅም።

ዘዴዬ ይኸው። የእያንዳንዱን ሥዕል ስም በግእዝ እጠራለሁ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እወስዳለሁ። ራስ ረ ይሆናል፣ ጋሻ ወ፣ መርከብ (ሐመር) ሐ፣ ንብ (ንህብ) ነ፣ አበባ (ጽጌ) ጸ። ዓሣም ዖፍም ዕፅም በዐ ስለሚጀምሩ ሦስቱንም ዐ አልኳቸው። አናባቢ አልተጻፈም ብዬ ስለያዝኩ ግእዙንም ሳድሱንም ቃሉ እንደፈለገው እሞላለሁ። በግእዝ እምቢ ያለኝን በትግርኛ ወይም በዐረብኛ ሥር እፈልገዋለሁ።

በአንደኛው ፊት ካሉት 31 ክፍሎች 27ቱ ተነበቡልኝ። በራስና በጋሻ የሚጀምሩት «ረወየ» (ጠጥቶ ረካ) እና «ሮጸ» (ሮጠ) ሆኑ። የመርከበኞች መዝሙር ነው፤ ጠጥተው ረክተው ወደ መርከባቸው የሚሮጡ ሰዎች። ስገለብጠው አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ለሦስት የጥንት ጽሑፍ ምሁራን ላክሁት። ሁለቱ ዝም አሉ። ሦስተኛው «አመሰግናለሁ፣ መልካም ዕድል» ብሎ መለሰ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሒሳብ ቢሆን ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ሲመጣ አውቀዋለሁ። እዚህ ምኑን ከምኑ ጋር ነው የማመሳክረው?

ጋሻ_ጃግሬ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ዝም ያሉሽ ስላልተዋጠላቸው ነው። ግእዝ የሁሉ ቁልፍ መሆኑን ቢያምኑ ስንት መጽሐፍ ሊቀደድ ነው። መጽሐፉን አሳትሚው፣ አንደኛው ገዢ እኔ ነኝ።

ቁጥር_ብቻ

ሁለቱ ፊት ተደምሮ 242 ምልክት፣ 45 ዓይነት፣ 61 ክፍል። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው። ይህንኑ ዲስክ በግሪክኛ «ያነበቡ» አሉ፣ በሉዊኛም (የጥንት አናቶሊያ ቋንቋ ነው) አሉ፣ በሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎችም አሉ። አንዱ ጸሎት ይለዋል፣ ሌላው መዝሙር፣ ሌላው የቀን መቁጠሪያ። ሁሉም አብረው ልክ ሊሆኑ አይችሉም፣ ሁሉም አብረው ሊሳሳቱ ግን ይችላሉ።

ፊደል_ለቃሚ

ወይዘሮ ወለተ ሒሳብ (ወይዘሪት ከሆኑም ይቅርታ)፣ ጥያቄዎን ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። እርስዎ ያሉበት ጉድጓድ ውስጥ እኔም አራት ዓመት ተቀምጬበታለሁ።

ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደሉን ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር መደርደር ነው ሥራው። የ«ን» እና የ«ው» ክፍል ገጹ ሳያልቅ ባዶ ይሆናል፤ የ«ጰ» ክፍል አቧራ ለብሶ ይከርማል። ስለዚህ የፊደልን ድግግሞሽ እጄ ያውቀዋል ብዬ እኮራ ነበር። ዲስኩ ደግሞ በማኅተም የተመታ ነው፤ የሠራው የሙያ ወንድሜ ነው አልኩ። ላባ የሰካው ራስ 19 ጊዜ፣ ጋሻው 17 ጊዜ። ቆጠርኩ፣ ገመትኩ፣ የጎደለውን ሞላሁ። የእኔ ለዝናብ የተደረሰ ምህላ ሆኖ ወጣ። ዕንባውም አልቀረ።

ያነቃኝ ስህተት ነው። አንድ ማታ ከደብተር ወደ ደብተር ስገለብጥ አንዱን ፊት ሳላስተውል ከመሐል ወደ ዳር ጻፍኩት። በዚያው ቁልፍ ተነበበ። ክፋቱ፣ ከፊተኛው ይልቅ ያምር ነበር።

በእርስዎ ቁልፍ እንሞክረው። ራስና ጋሻ ተከታትለው 13 ጊዜ ይመጣሉ። እርስዎ ረ፣ ወ ብለው ረወየና ሮጸ አገኙ። ከሌላው ጫፍ ቢጀምሩ ወ፣ ረ ይሆንና የቃሉ መጨረሻ ላይ ይውላል። ከፊቱ መርከብ ከመጣ ሐ፣ ወ፣ ረ ነው፤ ሖረ፣ ሄደ። አበባ ከመጣ ጾረ፣ ተሸከመ። ዓሣ ከመጣ ዖረ፣ ዓይኑ ታወረ። የትኛው እንደሚመጣ ዲስኩን ገልጬ አላየሁም፤ ማየትም አያስፈልገኝም፣ ማንም ቢመጣ ግስ አላጣለትም። ግሱን በቃልዎ እንደሚወጡት ነግረውናል። እንደዚያ ባለ ሰው ፊት የትኞቹም ሦስት ተነባቢዎች ዝም ብለው አይቆሙም። አልሄድ ሲሉም ትግርኛና ዐረብኛ በተጠንቀቅ ቆመዋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህ የሙያዬ ነው። ዓሣውን፣ ወፉን፣ ዛፉን ሁሉንም ዐ አሏቸው። ማኅተም መቅረጽ ጣጣ ነው፣ እኔን ይጠይቁ። አንድ ሰው ለአንድ ድምፅ ሦስት ማኅተም የሚቀርጸው ምን ቆርጦት ነው? ደግሞ ተነባቢ ብቻ የሚጽፉ ሕዝቦች ፊደል ጥቂት ነው፤ ፊንቄዎች 22፣ የሳባ ሰዎች ሙስናድ በሚባለው የደቡብ ዐረብ ፊደላቸው 29 ይበቃቸዋል። እዚህ በአንዲት ትንሽ ሸክላ ላይ ብቻ 45 ታይቷል፤ ጽሑፉ ቢረዝም ኖሮ ገና ሌላም ይመጣ ነበር። ይህ አሃዝ የሚያስጠረጥረው ተነባቢና አናባቢ በአንድ ምልክት የሚጻፍበትን ሥርዓት ነው። ልክ እንደ ጎረቤቱ እንደ ሊኒያር ቢ፣ በዚያው በቀርጤስ እንደተገኘው ሌላ ጥንታዊ ጽሑፍ።

ሊኒያር ቢ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የጠየቁት ማመሳከሪያ ያለው እዚያ ነው። ኤቫንስ የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ከ1900 ጀምሮ የቀርጤስን ጥንታዊ ከተማ ክኖሶስን ሲቆፍር ያወጣቸው ሸክላዎች ናቸው፤ የድምፅ ምልክቶቻቸው ወደ 90 ይጠጋሉ። ግማሽ ምዕት ዓመት ማንም አላነበባቸውም። በሩን ገርበብ ያደረገችው አሊስ ኮበር የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ በ1950 ፍሬውን ሳታይ ሞተች። እሷ ያየችውን ለፈረንጅ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል። ለእኛ ይህ ይበቃል፦ ቤት፣ ቤቱ፣ ቤቴ።

ት፣ ቱ፣ ቴ በመልክ የማይመሳሰሉ ሦስት ምልክቶች ናቸው እንበል። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው ቃሉ መጀመሪያው ጸንቶ መጨረሻው ብቻ ሲለዋወጥ ያያል። «እነዚህ ሦስቱ ተነባቢያቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ ተነባቢው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ቀጥሎ ልጅ፣ ልጁ፣ ልጄ ያገኛል። አሁን ደግሞ ቱና ጁ አናባቢ እንደሚጋሩ ይጠረጥራል፣ እኛ ካዕብ የምንለውን ማለት ነው። አንድም ድምፅ ሳያውቅ የፊደል ገበታ መሥራት ጀመረ። ቬንትሪስ፣ ሙያው የሕንፃ ንድፍ የነበረው እንግሊዛዊ፣ ያንን ገበታ አሰፋው። ተነባቢው ወደ ታች፣ አናባቢው ወደ ጎን። ለእኛ ተሞልቶ የተሰጠንን እሱ የረድፎቹን ስም ሳያውቅ ረድፎቹን ሞላ። (በነገራችን ላይ ሊኒያር ቢን በእኛ ፊደል መጻፍን የመሰለ ነገር የለም፤ ፈረንጆች ጭረት እየከተቱ በሁለት በሁለት ሆሄ የሚጽፉትን እኛ በአንድ ፊደል እንገላገለዋለን።)

ከዚያ በሸክላዎቹ ላይ የቀርጤስ ከተሞች ስም ሊኖር ይችላል ብሎ ገመተ። ኮኖሶ፣ ክኖሶስ። አሚኒሶ፣ አምኒሶስ። የእርስዎ ፋይስቶስም አለች፣ ፓኢቶ ተብላ። ሲገፋበት ቋንቋው ግሪክኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህ እሱ የፈለገው አልነበረም፤ ለዓመታት የኤትሩስካውያን ቋንቋ ዘመድ ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። በሐምሌ 1952 በሬዲዮ ቀርቦ ግሪክኛ ነው አለ። እኔ ከእሱ የወደድኩት ይህን ነው። የእኔ ዲስክ የተናገረው እኔ የምወደውን ነበር፣ የእርስዎም እንደዚያው።

ዴቢትና ክሬዲቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሌገን የሚባለው አርኪዮሎጂስት ግሪክ አገር ፒሎስ ላይ ካወጣቸው ሸክላዎች አንዷን አጽድቶ በ1953 በቬንትሪስ ቁልፍ አነበባት። ቁልፉ ሲሠራ ይህች ሸክላ በቬንትሪስ እጅ አልነበረችም። ቲሪፖዴ ይላል፤ በግሪክኛ ሦስት እግር ያለው ጉልቻ መሳይ ዕቃ ነው፣ ከአጠገቡም የባለ ሦስት እግር ዕቃ ሥዕል ተሥሏል። ወረድ ብሎ የማሰሮ ሥዕሎች አሉ። ባለ አራት ጆሮው ላይ ኴቶሮዌ፣ ባለ ሦስት ጆሮው ላይ ቲሪዮዌ፣ ጆሮ የሌለው ላይ አኖዌ። አራት ጆሮ፣ ሦስት ጆሮ፣ ጆሮ አልባ! ሥዕሉን የሣለውና ቃሉን የጻፈው ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ነው፣ ቬንትሪስን ሊያስደስት አልሞከረም።

በኩኔፎርምም (ጭቃ ላይ በሽብልቅ ቅርጽ እየተወጋ በሚጻፈው የጥንት ጽሑፍ) እንዲሁ ነው የተደረገው። በ1857 ለንደን ላይ የአሦር ንጉሥ የቴልጌልቴልፌልሶር አንደኛ ጽሑፍ ለአራት ሰዎች ተሰጠ፤ ለሮሊንሰን፣ ለሂንክስ፣ ለታልቦትና ለኦፐርት። ሳይመካከሩ ተርጉመው በታሸገ ፖስታ ላኩ። ሲከፈት በዋናው ነገር ተስማምተው ተገኙ፤ ተጠራጣሪውም አፉን ዘጋ።

እርስዎ ሁለተኛውን ፊት ገና አልነኩትም፣ ይህ ዕድል ነው። ግእዝ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ንባብዎን ሳያሳዩ የምልክቶቹን ቁልፍ ብቻ ይስጡት። ሁለታችሁም ለየብቻ ሁለተኛውን ፊት አንብባችሁ አስተያዩት።

ጋሻ_ጃግሬ

አባቴ፣ እንዲህ ተስፋ ማስቆረጥ ምን ይባላል?

ፊደል_ለቃሚ

ልጄ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ተስፋ አላስቆረጠኝም። እሱ ነው የጎዳኝ።

ወለተ_ሒሳብ

ማታ አንብቤው ተናደድኩ። ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ፊት ከታናሽ እህቴ ጋር እንሞክረዋለን፤ እሷም ከአባቴ ነው የተማረችው፣ እንደውም ከእኔ ትበልጣለች። ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ሰዋስው_ዘሙስናድ

እየጠበቅን ሳለ የንጉሥ ነገር ልጨምር። ጥሩ ግምትና መጥፎ ግምት በምን እንደሚለዩ ያሳያል። ግሮተፈንድ የሚባል ጀርመናዊ መምህር በ1802 የጥንት ፋርስን ኩኔፎርም ሲጀምር እሱም ገምቶ ነው። በኋላ ዘመን የፋርስ ነገሥታት «እገሌ፣ ታላቅ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ የእገሌ ልጅ» እያሉ ይጽፉ እንደነበር አስቀድሞ ታውቋል። እኛ ይህን አጻጻፍ አስረዱን አንልም። እሱም በሁለት አጫጭር ጽሑፎች ላይ የሚደጋገመውን ቃል «ንጉሥ» ነው አለ። በአንደኛው ጽሑፍ ልጅም አባትም ንጉሥ ተብለዋል፤ በሌላኛው ግን አባትየው ንጉሥ የሚለው ማዕርግ የለውም። አባቱ ሳይነግሥ እሱ የነገሠ ማነው? ዳርዮስ፣ የሂስታስፐስ ልጅ። እንግዲያው ያኛው የዳርዮስ ልጅ ጠረክሲስ ነው። ስሞቹን ሲያስገባ ሁለቱም ስም የሚጋሯቸው ፊደሎች በየቦታቸው ዋሉ። አንድ ፊደል አላግባብ ቢወድቅ ኖሮ ግምቱ በዚያው ይፈርስ ነበር። ሊፈርስ የሚችል ግምት ማለት ይህ ነው።

ጋሻ ጃግሬ ደግሞ ግእዝ ቁልፍ የሆነበትን እውነተኛ ታሪክ ከፈለገ አለ። ጌዜንዩስና ሮዲገር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1841 የደቡብ ዐረብን ሙስናድ ሲፈቱ ግእዝ ትልቅ ድጋፍ ሆኗቸዋል፤ ፊደሎቹ የሥጋ ዘመድ ናቸውና። ሌላም ልጨምርለት፦ በ1933 ፍልስጥኤም ውስጥ ቤት ሳሚስ ላይ በኩኔፎርም ሆሄያት የተጻፈች የሸክላ ጽላት ተገኘች። ለብዙ ዓመት ግራ አጋባች። በኋላ ሲታይ የፊደል ተራ ናት፣ ተራዋም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ነው የሚጀምረው። ዕድሜዋ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ይህ ማንንም ሳያሰድብ የሚያኮራ ነገር ነው።

ደግሞ ማንበብና መረዳት ለየቅል ናቸው። ሜሮኢቲክን፣ የጎረቤታችንን የኩሽ መንግሥት ጽሑፍ፣ ግሪፊዝ በ1911 ፊደሉን ፈትቶታል፤ 23 ምልክት ገደማ ነው። ዛሬ ጮክ ብለን እናነበዋለን። የነገሥታት ስም፣ የአማልክት ስም፣ ጥቂት ቃላት እናውቃለን፤ የቀረውን ግን ቋንቋው ስለማይታወቅ በአፋችን ብቻ ነው የምንወጣው።

ወለተ_ሒሳብ

ውጤቱ ይኸው። ለእህቴ ቁልፉን ብቻ ሰጠኋት፤ ዲስኩ ምን እንደሆነ እንኳ አልነገርኳትም። ሁለተኛው ፊት 30 ክፍል አለው። በዐሥራ አንድ ቀን ጨርሳ መጣች። ጎን ለጎን አድርገን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግን፣ ልክ የባንክና የመዝገብ ሒሳብ እንደማስታርቀው።

የተስማማነው በአራት ነው። አራቱም ምልክታቸው ጥቂት የሆነ አጫጭሮች ናቸው።

የእኔ መርከበኞች አሁንም ባሕር ላይ ናቸው። የእሷ ደግሞ የወንድማማቾች የርስት ክርክር ሆኗል፤ ታላቅየው ድንበር ገፍቶ፣ ታናሽየው ሲከስ። (ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል፣ በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።) እሷ ደግሞ «የእኔ ልክ ነው፣ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» ብላ አኩርፋ ሄደች። ሰባት ወር ሙሉ ስናገረው የነበረውን በእሷ አፍ ስሰማው ነው ያሳቀኝ።

መዝገቡን ዘጋሁት። ግሱ ግን በቃሌ አለ፣ የት ላውለው?

ሰዋስው_ዘሙስናድ

ዒዛና ዘንድ ይምጡ። በአንድ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ተጽፏል፦ በግሪክኛ፣ በሙስናድ ፊደል፣ አናባቢ በሌለው የግእዝ ፊደል። 4ኛው ምዕት ዓመት ነው፣ በቤጃ ላይ የተደረገ ዘመቻ ነው የሚተርከው። ሊትማን የመራው የጀርመን ጉዞ በ1906 አክሱም ላይ አጥንቶት በ1913 ታትሟል። ተነቦ ያለቀ ነው፣ ስለዚህ ሲሳሳቱ የሚያርምዎት አለ። ግሪኩን ከግእዙ ሲያስተያዩ ቃል በቃል አይጠብቁ፤ ግእዙ የማሕረም ልጅ ሲል ግሪኩ የአሬስ ልጅ ይላል። ጸሐፊው ለአንባቢው የሚያውቀውን አምላክ ነው የሰጠው።

ወለተ_ሒሳብ

አናባቢ የሌለውን ግእዝ ከፎቶ ጀመርኩ። አንድ ቃል ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ፣ ከዚያ ሕትመቱን ሳይ ተሳስቻለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አሁን ሙስናዱ ላይ ነኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ግእዝ ነው ተብሎ ንጉሥ የሚለውን ለምን መ፣ ለ፣ ከ አለው? ደግሞ ከየቃሉ መጨረሻ አንዲት ም ተለጥፋለች፤ ብትነሣ የሚጎድል ነገር የለም። የእኔ ስህተት ነው?

ፊደል_ለቃሚ

የእርስዎ አይደለም። ጸሐፊው ግእዙን የሳባ ለማስመሰል ነው። ሳባውያን ንጉሥን መ፣ ለ፣ ከ ብለው ይጽፋሉ፣ በብዙ ስሞቻቸው መጨረሻም እንደዚያ ዓይነት ም አለች። እሱ ግን የት እንደምትገባና እንደማትገባ ሳይለይ ያገኘው ላይ ሁሉ ለጠፋት። በእርሳስ ፊደል ቢሠራው ኖሮ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ የም ሳጥኑ ባዶ ይቀርበት ነበር።